አርባ አንድ ፍሬ

አባቴ ቄስ ሀብተ ሥላሴ በዕድሜያቸው የሰረቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ደቂቃ ነው። የሰረቁት ለታናሽ እህቴ ለፀደይ ሲሆን፣ እጅ ከፍንጅ የያዝኳቸው ደግሞ እኔ ፋና ነኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ከፍጥረት ግን አልጀምርም። ከፍጥረት መጀመር የቤታችን በሽታ መሆኑን አሁን ታያላችሁ።

ወልድያ ውስጥ አዋላጆችን የሚያሠለጥን አንድ ኮሌጅ አለ። በየዓመቱ ሃያ ልጆች ተቀብሎ በነፃ ያስተምራል፤ ለመግባት ግን ፈተና አለው። ግማሹ ምርጫ ነው፣ ግማሹ ድርሰት። ምርጫውን ፀደይ እያዛጋች ታልፈዋለች። ጣጣው ድርሰቱ ላይ ነው። ርዕስ ይሰጣሉ፣ አርባ ደቂቃ ይሰጣሉ፣ አርባው ሲሞላ ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ!» ይላል። ድርሰቱ ያላለቀ ሰው ግማሽ ነጥብ እንኳ ካገኘ እድለኛ ነው።

ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ተፈትኜ ወድቄያለሁና። የኔ ርዕስ «የቱሪዝም ጥቅምና ጉዳት» ነበር። አዋላጅ ለሚሆን ሰው ቱሪዝም ምን እንደሚሠራለት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ አባባ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ጀመርኩ። ሰማይንና ምድርን ለፈጠረ አምላክ ምስጋና አቀረብኩ፤ ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት መፈጠሩን አብራራሁ፤ ከዚያ ወደ ላስታ ነገሥታት ተሻገርኩ፣ አለቱን አንድ በአንድ አስፈለፈልኩ። በመጨረሻ ቱሪስቱን አውሮፕላን አሳፈርኩት። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ላሊበላ ላይ ሲያንዣብብ ወረቀቱ ተሰበሰበ። ሰውየው ሳይወርድ ቀረ። ዛሬ እዚሁ ከተማችን ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ፈረንጅ ሻንጣውን እየጎተተ በገባ ቁጥር «ያኔ ብትወርድ ምን ነበረበት?» እለዋለሁ በሆዴ።

ፀደይ ልምምድ ስትጀምር ለፈተናው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ከሆቴሉ በሚጣሉ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ርዕስ እየጻፍኩ አመጣላታለሁ፤ እሷ ጣሳ ውስጥ ከትታ፣ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ታወጣለች። መጀመሪያ የወጣላት «የንጹሕ ውሃ ጥቅም» ነው። ስልኬን አርባ ደቂቃ ሞልቼ ፊቷ አቆምኩት። ቁጥሩ መቀነስ ሲጀምር የልጅቷም ዓይን ከወረቀቱ ኮበለለ። አንድ መስመር ትጽፋለች፣ ስልኩን ታያለች፣ ትሰርዛለች፣ ደግሞ ስልኩን ታያለች። ስልኩ ሲጮኽ አምላክ ተመስግኗል፣ ሰማይና ምድር ተፈጥረዋል፣ ከባሕርያት ነፋስና እሳት ተብራርተዋል። ውሃ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

«ርዕስሽ እኮ ውሃ ነው!» አልኳት።

«ልደርስባት ስል ነው የጮኸው» አለች ከንፈሯን ጥላ።

አባባ ደጃፉ ላይ ካለችው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ይሰሙናል። «ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ የዚያ ዕቃ ነው» አሉ ስልኬን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ዕድሜው ፊት ለፊቱ ሲቀነስ እያየ የማይደነግጥ ማን አለ? ሰዓቱን ለኔ ተዉት፤ እኔ እቆጥርላታለሁ።»

መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አርባ አንድ ፍሬ ያላት የእንጨት መቁጠሪያ ናት፤ ከመዳሰስ ብዛት ፍሬዎቿ አብረቅርቀዋል። በየፍሬዋ ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከነእመቤታችን ሰላምታ ይደግማሉ። ከቅዳሴ መልስ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ስለሆነ አዲስ ሥራ አልሆነባቸውም። እኔ ግን ሰው አላምንምና ስልኬን ይዤ ፈተንኳቸው። አርባ አንደኛዋ ፍሬ ስታልፍ አርባ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆነ።

«ሃያዋ ሰከንድስ ምንድን ናት?» ብላቸው፣

«ምርቃት ናት» አሉኝ፤ ገበያ ላይ እህል የሚሰፍሩ ይመስል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ተለወጠች። ጠዋት እኔ ሥራ እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ የድል ወሬ ይጠብቀኛል። «ዛሬም ጨረስኩ!» ትላለች። ወረቀቱን አነበዋለሁ፤ እውነትም አልቋል። ሰማይና ምድሩ አለ፣ ባሕርያቱ አራቱም አሉ፣ ርዕሱም አለ፣ መደምደሚያውም አለ። በአርባ ደቂቃ ይህን ሁሉ! እኔ ምን ሆኜ ነበር ታዲያ አልኩ። ቀናሁ ማለት ይቻላል። ደደብ ነበርኩ ብዬ ተኛሁ።

ምሥጢሩን ያወጣው የእናታችን ድንች ነው። እናቴ ብርቅዬ፣ ፀደይ መጻፍ ስትጀምር ድንች ትጥዳለች፤ አባባ «በቃ» ሲሉ ታወርዳለች። አንድ ማታ ድንቹን ስታቀርብልኝ ገንፎ ሆኗል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እንደ ወትሮው ነው የጣድኩት። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ይበስል ነበር። አሁን አሁን ሳወርደው ይንኮታኮታል። የዘንድሮ ድንች ልቡ ደካማ ነው መሰለኝ።»

ድንቹን አየሁ፤ ከዚያ አባባን አየሁ። አባባ ጣራውን ያዩ ነበር።

በማግሥቱ ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁና ልብስ የማጥብ መስዬ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ፀደይ ርዕስ አወጣች፤ አባባ ከፊቷ ተቀምጠው ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ደህና ሄዱ። ከዚያ ፀደይ ቃል ጠፋባትና እስክሪብቶዋን አቆመች። የአባባም አውራ ጣት ፍሬዋ ላይ ቆመ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጣታቸው ግን ንቅንቅ አይልም። እሷ መጻፍ ስትቀጥል ጣቱም ቀጠለ። ራሷን ስታክ ጣቱ ቆመ። ሰርዛ እንደገና ስትጀምር አንድ ፍሬ ወደኋላ ሲመልሱ በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ሰውየው የሚቆጥሩት ሰዓት አይደለም፤ እስክሪብቶዋን ነው። «በቃ» ሲሉ ስልኬን ገልጬ አየሁት። አምሳ ሦስት ደቂቃ።

ፀደይ ወረቀቷን ይዛ እየፈነደቀች ወደ ቤት ስትገባ አባባን ከጓሮ አገኘኋቸው። እንጨት ሊፈልጡ መጥረቢያ አንስተዋል።

«አባባ፣ ድንቹ ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

ገባቸው። መጥረቢያውን አስቀመጡት።

«አሥራ ሦስት ደቂቃ ሰርቀውላታል። ፈተናው ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው! እዚያ ያለው ፈታኝ የንስሐ አባቷ አይደለም፤ እስክሪብቶዋ ሲቆም አብሯት አይቆምም።»

«እያየሁ እንዴት ልለፋት?» አሉ። «እሷ ቆማ እኔ ብሄድ ጥያት መሄዴ አይደለም?»

«ነዋ! ጥለዋት ይሂዱ! ሰዓት ማለት እሱ ነው!»

ጮኼባቸዋለሁ። ቄስ ላይ፣ ያውም አባቴ ላይ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ጎንበስ ብለው አንድ ፍልጥ አነሡ።

«አንችን አንድ ጊዜ ጥዬሽ ሄጃለሁ» አሉ። «ያን መግቢያ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ምስጋናውን፣ ባሕርያቱን፣ ነገሥታቱን... ካለዚያ ነገር አይጀመርም ብዬ። ተፈትነሽ ስትመለሽ ከጋሸና እስከዚህ እያለቀስሽ እንደመጣሽ ሾፌሩ ነግሮኛል። የወደቀው ያንች ወረቀት አይደለም፣ ልጄ። የኔ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ አባባ ያፈሩብኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚያ ፈተና አንድ ቀን ተናግረው ስለማያውቁ ነው። እኔም ተቀይሜያቸው ነበር፤ ቅያሜዬን በቀልድ እየሸፈንኩ ኖርኩ እንጂ አልወጣልኝም ነበር። ያን ቀን ጓሮ ቆሜ ወጣልኝ። እንዳላለቅስ ብዬ ያልታጠበ ልብስ አሰጣሁ።

ከዚያ እኔና እሳቸው ተማከርን። ለፀደይ እውነቱን እንንገራት ብንል ወኔዋ ይከዳታል፤ እንደገና መደንገጥ ትጀምራለች። ሳትሰማ ቀስ በቀስ እንቀንስባት ተባባልን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ፈተናው ሲደርስ ልክ አርባ እንዲሆን።

«ጸሎት ግን አላጣድፍም» አሉ አባባ ጣታቸውን ቀስረው። «ይኼን አትጠይቂኝ።»

«እና እንዴት ይሆናል?»

አሰቡና «አሳጥራለሁ» አሉ። «በየፍሬዋ ላይ አቡነ ዘበሰማያቱን ትቼ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ብዙ ጊዜ፣ በየቀኑ ደግሞ አንድ አንድ እየቀነስኩ። እስክሪብቶዋን እንዳላይ ደግሞ ጀርባዬን እሰጣታለሁ።»

በማግሥቱ ጀመሩ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሥራ ነኝ፤ የሚቀጥለውን ሐሙስ ዕረፍቴንም ለወልድያው ጉዞ ስል ለውጬዋለሁ፤ ስለዚህ የምሰማው ማታ ነው። አሁን የድል ወሬ የለም። ዓርብ ፀደይ መደምደሚያው ላይ ሳትደርስ «በቃ» ተባለች። «አባባ ለምን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ አላውቅም» አለችኝ። «ፀሐይ ዓይናቸውን ወግቷቸው ነው» አልኳት። ቅዳሜም ሳትጨርስ ቀረች። እሑድ ሰንበት ነው፣ ዕረፍት ሆነ። ሰኞ ተናድዳ ሰማይና ምድርን ከድርሰቷ አወጣቻቸው። ማክሰኞ አራቱ ባሕርያት ተሰናበቱ። ረቡዕ ነገሥታቱ ከነአለታቸው ተከተሏቸው። ሐሙስ ርዕሱን አንብባ በቀጥታ ርዕሱ ላይ ወረደች፤ ጨረሰችም።

ማታ ወረቀቷን ሳነብ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ጥርት ያለ ነው፣ የተንዛዛ ነገር የለበትም። አባባም ተቀብለው አነበቡት።

«መግቢያው የት ሄደ?» አሉ በሐዘን።

«ጊዜ የለማ አባባ!» አለች ፀደይ። «እኔ እንጃ፣ እየደነዘዝኩ ነው መሰለኝ። በፊት ያን ሁሉ ጽፌ እጨርስ ነበር፤ አሁን ይኼንንም በመከራ ነው።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። አባባ ወደኔ ዞሩ። እኔ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ዓርብ ከፀደይ ጋር ወደ ወልድያ ሄድን። ጋሸና ላይ መኪና ስንለውጥ ሽሮ አዘዝኩላት፤ አልበላችም። ሌሊቱን ዘመድ ቤት አደርን። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳን እኔ ዘንድ ጥላ ገባች። እኔ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግዚኦታ ጀመርኩ፤ ቁጥሩ ግን ጠፋብኝ። ምርጫው አልፎ የድርሰቱ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ እኔ ራሴ የምፈተን ይመስል እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን በረበርኩ። ብትወድቅ አባባ ይህንንም ወረቀት የኔ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ሁለተኛ ወረቀት መሸከም አይችሉም።

ፀደይ ከሁሉም መጨረሻ ወጣች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አልቻልኩም።

«ጨረስሽ?»

«ፋና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «አባባ ምን ነካቸው?»

«ምን አደረጉ?»

«ሰዓት ማሰር ክልክል ነው፤ የግድግዳውም ሰዓት ቆሟል። ስለዚህ ግራ እጄን ጠረጴዛው ሥር አድርጌ በጣቴ እንደሳቸው ቆጠርኩ። የሰሞኑን አቆጣጠራቸውን ጆሮዬ ለምዶታል። አርባ አንድ ላይ ስደርስ ድርሰቴን ጨርሼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ማንም አላስቀመጠም! ሰው ሁሉ ይጽፋል። ፈታኙን ጠየቅሁት። ‹አሥራ ሦስት ደቂቃ ይቀርሻል› አለኝ። እንደ አባባ ያዘነልኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።»

ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አርባ ሊያደርሷት የተስማማነው ሽማግሌ ከአርባ አልፈው ሃያ ሰባት አግብተዋታል!

«እንደ አባባ ያዘነልኝ ስትዪ... ታውቂ ነበር እንዴ?»

«የጣታቸውን መቆም?» ሳቀች። «ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንዴት አላይም? ገብስ ሊሰርቅ እንደገባ አህያ ነው እኮ ዙሪያቸውን የሚያዩት። ደስ ሲላቸው ሳይ ዝም አልኩ።» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ሲያዘገዩልኝ አውቄ ነበር፣ ፋና። ሲያፈጥኑ ግን እኔ የዘገየሁ መሰለኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ድንቹንም፣ ጓሮውንም። ስለኔ ወረቀት ያሉትንም ነገርኳት።

«በአሥራ ሦስቱ ደቂቃ ምን ሠራሽበት?» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ቦታ ተርፎኝ ነበር። ለአባባ ስል ምስጋናውን ከታች ጻፍኩት። ሰማይና ምድርን መጨረሻ ላይ ፈጠርኳቸው።»

«ርዕሱስ ምን ነበር?»

ይህን ስትጠብቀኝ ቆይታለች መሰለኝ፤ ፊቷ በራ። «የቱሪዝም ጥቅምና ጉዳት» አለች። «ሰውዬሽን አወረድኩልሽ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው ከአውሮፕላን ያወረድኩት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ደክሞታል ብዬ።»

ቤት ስንገባ አባባ በር ላይ ነበሩ። ሰላም ሳልላቸው «አባባ፣ አርባ ነበር ያልነው! ሃያ ሰባት አድርገዋታል! አሥራ ሦስቷ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩን። ፀደይ እየሳቀች መሆኗን ሲያዩ ትከሻቸው ወረደ።

«ምርቃት ናት» አሉ።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም ወጣ። ከሃያዎቹ አሥራ ዘጠነኛ ናት። ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ፊት ቆሜ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ አንድ ፈረንጅ የሚጨፈር መስሎት ካሜራውን አወጣ። ለአባባ ስነግራቸው «ሃያኛው ማን ነው?» አሉ። እንጃ አልኳቸው። «ማንም ይሁን፤ ለሱም እጸልይለታለሁ፤ ልጄን ደግፎ የያዘልኝ እሱ ነው» አሉ።

የምትሄድበት ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። እናቴ አንድ ጆንያ ሙሉ በሶ፣ ቆሎና ጥሬ ድንች አሸክማታለች። «እዚያ ስትጥጅው ሰዓት እያየሽ» አለቻት። ፀደይ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ አንገቷን አወጣች። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል።

«አባባ፣ አይመርቁኝም?»

አባባ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። በአንድ እጃቸው መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ በሌላው መቁጠሪያቸውን ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ፀደይም ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ እንዳላይባት ፊቷን አዞረች።

ሾፌሩ ትንሽ ታገሠ። ጥሩንባ ነፋ። ደግሞ ታገሠ። ከዚያ አንገቱን አውጥቶ ጠራኝ።

«እቴ፣ ጋሸና ሰው እየጠበቀኝ ነው። አባ ብዙ ይቀራቸዋል?»

ስልኬን ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩና ተውኩት። የአባባን አውራ ጣት አየሁ። ገና ከመጀመሪያዋ ፍሬ ላይ አልተነሣም።

«እየጨረሱ ነው» አልኩት።